ድምፄን ውሰድ፣ ፊቴን ተው

ሸዋአየሁ አልቃሽ ነበረች። ማልቀስማ ማንም ያለቅሳል፤ ሽንኩርት የከተፈም ያለቅሳል። የእሷ ሙያ ማስለቀስ ነው። ድንኳን ሙሉ ሰው ተቀምጦ፣ ግማሹ የመሥሪያ ቤቱን ወሬ ሲያወራ፣ ግማሹ ሰዓቱን ሲያይ፣ ሟቹን ሁሉም ረስቶት ሳለ እሷ ትገባና ሁለት ስንኝ ትጥላለች፤ ያ ሁሉ ሰው ደረቱን እየመታ ይነሳል። ከኡራኤል እስከ ካዛንቺስ መናኸሪያ ድረስ እሷ ያልቆመችበት ለቅሶ "ደረቅ ነበር" እየተባለ ይታማል። ፊደል አልቆጠረችም፤ አልቆጠርኩም ብላም አታፍርም። ዲግሪ የጫነውም ሲሞት የሚያስፈልገው የእሷ አፍ ነው።

ሃብተአብ ቤቷ የመጣው በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ ነው። በቴሌቪዥን የሚታየውን የበዓል ፕሮግራም፣ ቀልዱንም ዘፈኑንም፣ የሚቀርጸው ዳይሬክተር እሱ ነው። አባቱ፣ ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡት ሽማግሌ፣ ከሞቱ ገና ሁለት ወር መሙላቱ ነበር፤ ለቅሷቸውን የመራችውም ሸዋአየሁ ናት። አንድ ፌስታል ብርቱካን አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆመ።

"የሞተ አለ?" አለችው። እንግዳ ሲመጣባት መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።

"ኧረ የለም እትዬ ሸዋአየሁ። ማለቴ… የፋሲካ ፕሮግራም ልቀርጽ ነው።"

"ፋሲካ የት አለና? ትናንት አይደል እንዴ የያዝነው።"

"እኛ ቀደም ብለን ነው የምንቀርጸው። በበዓሉ ቀን ሲታይ የዕለቱን ይመስላል። ችግሩ፣ ሁዳዴ ነው። ተመልካች እንጠራለን፣ ርቦት ይመጣል፤ ኮሜዲያኑ ይለፋል፣ ሰዉ ግንባሩን ቋጥሮ ያየዋል። አምና አዳራሹ እንደ ቀበሌ ስብሰባ ነበር። ሳቅ ከሌለ ደግሞ ቀልዱ ሞተ ማለት ነው።"

"ታዲያ የሞተ የለም አላልከኝም? ምን ላድርግልህ፣ ላልቅስለት?"

"ያስቁልኝ።"

ብርቱካኑን ከነፌስታሉ ልትወረውርለት ትንሽ ነበር የቀራት። እሱ ግን ቀጠለ።

"የአባቴ ለቅሶ ላይ ሳይዎት ነበር። በሐዘኔ መሃል፣ አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ሥራ ስሠራ ነበር። ሲገቡ ምንም አልተናገሩም፤ ዝም ብለው ሰዉን አዩት። እኔን አለፉኝ፣ እናቴን አለፏት፤ ከጥግ የተቀመጠውን አጎቴን መረጡት። ሁለት ዓመት ሙሉ አባቴን ሳይጠይቀው የቀረውን። እሱን ትክ ብለው እያዩ 'የሁሉን ደብዳቤ ቤቱ የምታደርሰው፣ ያንተ የመጣ ለት ማን ፈርሞ ጨረሰው' አሉ። አጎቴ ተቀደደ። ከእሱ ጎን ያለው ቀጠለ፤ ከዚያ ድንኳኑ። እኔ ሦስት ካሜራና አሥራ አምስት ሰው ይዤ የማልችለውን ነው የሠሩት። እርስዎ እኮ ዳይሬክተር ነዎት!"

እዚህ ላይ ነው የተሸነፈችው። ዐርባ ዓመት ስትሠራ "አንጀት ትበያለሽ"፣ "አፍሽ ይባረክ" ተብላለች፤ አጎትዬውን እንዴት እንደመረጠችው ግን ያየባት ሰው አልነበረም። የተጸጸተ ሰው ቶሎ እንደሚቀደድ የምታውቀው እሷ ብቻ ትመስላት ነበር። አሁን ይሄ ፀጉሩን ያንጨባረረ ልጅ ሙያዋን በስም ጠራላት። ስሙ የፈረንጅ ቢሆንም ደስ አላት። ሰው መቼም ሲያውቁለት ልቡ ይሟሟል፤ ኩሩ ሰው ደግሞ ባሰው።

"አንድ ነገር ብቻ" አለችው። "ድምፄን ውሰድ፣ ፊቴን ተው። እኔ ነገ ሰው ቤት ገብቼ የማስለቅስ ሴት ነኝ። ጥርሴን ያየ ሰው እንባዬን አያምነኝም።"

"አይታዩም።"

"ማልልኝ።"

"አባቴ ይሙት!" አለ ሃብተአብ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

እሷም ተቀበለችው። በማን እንደማለላት አላሰላችም፤ "ዳይሬክተር" የሚለው ቃል ገና ጆሮዋ ውስጥ ነበር።

ቀረጻው የሁዳዴ ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ፣ ካዛንቺስ ካሉት ሆቴሎች ባንዱ አዳራሽ ውስጥ ሆነ። ለማንም አልተናገረችም፤ ለግድግዳ ጎረቤቷ ለብርኽቲ እንኳ "ዘመድ ጠይቄ ልምጣ" ብላ ወጣች። አዳራሹ ውስጥ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ሰዉ የሐበሻ ልብስ ለብሶ በየጠረጴዛው ተሰይሟል። በየጠረጴዛው መሃል ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ፣ ክትፎ፣ ጥብስ፤ የመብራቱ ሙቀት ቅቤውን እያቀለጠ ሽታውን አዳራሽ ሙሉ ነዝቶታል። ከሹሮና ከሽምብራ ጋር ሦስት ሳምንት የከረመ ሕዝብ ፊት! ከፊቱ ያለውን ማየትም አለማየትም አቅቶት ዓይኑን ኮርኒስ ላይ የሰቀለ ሰው ነበር። መድረክ መሪዋ ደግሞ ብቅ ብላ "ውድ ተመልካቾቻችን፣ ዛሬ በዚህ በትንሣኤው ዕለት፣ ከጾሙ ወደ ፍስኩ እንኳን በሰላም አሸጋገራችሁ!" ስትል፣ አንዲት ሴትዮ ሳታስበው አማተበች።

ሃብተአብ ሸዋአየሁን ከአንድ ምሰሶ ጀርባ፣ ጨለማው ውስጥ አስቀመጣት። "ያው ሦስቱ ካሜራዎች፤ አንዱም እዚህ አይደርስም" ብሎ በጣቱ አሳያት። እሱ ውጭ በቆመችው፣ ኬብል በተጎለጎለባት ቫን ውስጥ ሆኖ ሦስቱንም ካሜራ በየትንንሽ ስክሪኑ እያየ "አንድ ቁም፣ ሁለት ቅረብ" እያለ የሚመርጠው ነው። ለእሷም ጆሮዋ ላይ ባቄላ የምታህል ነገር ሰካላት። "ሳቅ ስፈልግ 'አሁን' እልዎታለሁ።"

ቀልደኛው ወልዱ ወጣ። አንገቱ የረዘመ፣ ገና ስም ለማውጣት የሚጣጣር ልጅ ነው። የመጀመሪያው ቀልድ ምንም። ሁለተኛውም ምንም። ጆሮዋ ውስጥ ሃብተአብ "አሁን እትዬ! አሁን! አሁን እኮ ነው!" ይላል። ባቄላዋን ከጆሮዋ መዝዛ ጉልበቷ ላይ ጣለቻት። መቼ እንደሆነ እሷ ከማንም አንሳ ነው? ሰዉን ዝም ብላ አየችው። ሳቅ ከእንባ እንደሚቀል የገባት ያን ጊዜ ነው። እንባ ጸጸት ይፈልጋል፤ ሳቅ የሚፈልገው ጎረቤት ብቻ ነው። ሁለት ጠረጴዛ አልፎ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን የሚውጥ አንድ ወፍራም ሰውዬ አገኘች፤ ሚስቱን እየፈራ ነው። ወልዱ ሦስተኛውን ቀልድ ሊጨርስ ሲል፣ ሳይጨርስ፣ ከሆዷ አንድ አጭር ሳቅ ለቀቀችና ቆረጠችው፤ ሳቋ እንዳመለጣት ሰው። ሰውዬው ፈነዳ። ሚስቱ ተከተለች። ከዚያ አዳራሹ እንደ ድንኳን ሆነላት፤ ወደ ግራ ስትል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስትል ወደ ቀኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ነዳችው። ከቫኗ ውስጥ ሃብተአብ ያጨበጭብ እንደነበረ በኋላ ነገሯት። ሬሳ በሌለበት እንዲህ መሥራት እንደሚቻል አስባ አታውቅም፤ ወጣትነት ተሰማት።

ቀጥሎ ወልዱ ነጠላ አጠለቀ፤ ወገቡን በመቀነት አሰረ። አልቃሽ ሆነ።

የሟቹ ስም የጠፋባት አልቃሽ ናት። ድንኳን መሃል ቆማ፣ በግጥም፣ ዘመዶቹን ስሙን ታወጣጣለች። "ተሰማ ነው ልበል፣ ወይስ ነው ከበደ፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ማን እንደ ወለደ።" እያለቀሰች አንድ ዓይኗ ወጥ ቤቱ ላይ ነው። ልጁ ያውቅበታል፤ ደረት አመታቱን እንኳ አልሳተም።

ሸዋአየሁ አፏን ገጠመች። ዐርባ ዓመት ስትቆም የአንድ ሟች ስም ጠፍቷት አያውቅም፤ የእናቱን፣ የልጆቹን፣ የሚወደውን ዘፈን ሳትጠይቅ ድንኳን አትገባም። እሷ ዝም ስትል ወፍራሙ ሰውዬ ዝም አለ፤ ሚስቱ ዝም አለች፤ አዳራሹ ሁሉ ቀጥ አለ። ወልዱ መብራቱ ሥር ብቻውን ደረቱን እየመታ ቀረ። ላብ አጠመቀው።

ሃብተአብ ከቫኗ እየሮጠ መጣና ምሰሶው ሥር ተንበረከከ።

"እትዬ፣ ምን ሆኑ? አመመዎት?"

"ደህና ነኝ።"

"ታዲያ ይሳቁ እንጂ! ልጁ ሞተ እኮ!"

"ከሞተ አለቅስለታለሁ። በዚህ አልስቅም።"

"እትዬ ሸዋአየሁ፣ ቀልድ ነው…"

"አልስቅም ካልኩ አልስቅም። በአንተ አባት ላይ የቆምኩት በዚሁ ሙያ ነው። በሱ የሚሳቅ ከሆነ ቤቴ እሄዳለሁ።"

ሃብተአብ ሰዓቱን አየ፣ አዳራሹን አየ። "በቃ፣ በቃ። ይሄኛው ይወጣል፤ አናስገባውም" አለ። ለወልዱም በእጁ ምልክት ሰጠው፤ ልጁ ነጠላውን አውልቆ ወረደ።

ከዚያ ምግብ የመቁረስ ሥርዓት ሊቀረጽ ሆነ። ሊካሳ የሚባለው ካሜራማን አንዱን ካሜራ ትከሻው ላይ አድርጎ በየጠረጴዛው መሃል ወጡን ከቅርብ ሊያነሳ ወረደ። ወልዱም ከዋናው ገበታ የዶሮ እግር አንስቶ አፉ አጠገብ እንዲይዝ ተነገረው፤ እንዲይዝ ብቻ። ልጁ ግን በላብ ተጠምቆ፣ በረሃብ ዞሮበት፣ እንደ ልማዱ "በስመ አብ" ብሎ አማተበና ገመጠ። አንዴ አላመጠ። ሁዳዴ ትዝ አለው። ጉንጩን እንደ እንቁራሪት ነፍቶ ቆመ፤ እንዳይውጠው ጾም፣ እንዳይተፋው ካሜራ። ዓይኑ ብቻ ወዲህ ወዲያ ይንከራተታል።

ሸዋአየሁ ሳቀች። ይሄኛው የሥራ ሳቅ አይደለም። አፏ ተከፈተ፣ የወርቅ ጥርሷ ታየ፣ ነጠላዋ ከራሷ ወረደ፣ ጭኗን መታች። ከምሰሶው ጀርባ ወጥታ ወንበሩ ጠርዝ ላይ መድረሷን አላወቀችም። ሊካሳ ትከሻው ላይ ያለውን ካሜራ ይዞ ወደ እሷ ዞረ፤ ለእሱ አንዲት የምታምር ሳቂታ እናት ናት፤ መሐላ እንዳለ ማን ነገረው?

የፋሲካ ዕለት እንደ ወትሮው እነብርኽቲ ቤት ነበረች። የብርኽቲ ባል ግርማይ ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠራ መካኒክ ነው፤ ያን ሰሞን ኩላሊቱ ጥሎት ሶፋው ላይ ነበር የሚውለው። ቤተ ዘመዱ፣ ጎረቤቱ ተሰብስቧል፤ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። ሸዋአየሁ ዝም ብላ ጠበቀች። ያቺ ከሆዷ የወጣች አጭር ሳቅ ስትሰማ፣ ማንም ሳያውቅባት፣ በልቧ ኮራች።

ከዚያ ወልዱ ነጠላ አጠለቀ።

"ይሄማ ወጥቷል" አለች፣ ጮክ ብላ።

"ምኑ ነው የወጣው?" አለ ግርማይ።

ወልዱ ደረቱን መታ፤ "ተሰማ ነው ልበል፣ ወይስ ነው ከበደ" አለ፤ በዚያው ቅጽበት መስታወቱን ሞልታ ሸዋአየሁ ብቅ አለች። አፏ እስከ ጆሮዋ፣ የወርቅ ጥርሷ እያበራ፣ ጭኗን እየመታች። እንደገና ወልዱ፤ አልቃሿ ወጥ ቤቱን ታያለች። እንደገና ሸዋአየሁ፤ ልትሞት ነው በሳቅ። መድረክ መሪዋም "ዛሬ በዚህ በትንሣኤው ዕለት እናቶቻችን እንዲህ ሲስቁ ማየት ደስ ይላል!" ብላ አከለችበት።

ብርኽቲ ከቴሌቪዥኑ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ቴሌቪዥኑ አየች።

"ሸዋዬ፣ አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ። ግን በዚህ አይደለም የሳቅሁት! ልጁ ዶሮ ጎርሶ ነው፤ በሁዳዴ…"

"በሁዳዴ ዶሮ?"

"አዎ፣ ገመጠና… ቀረጻው እኮ በሁዳዴ ነው!"

"ሴትዮዋ ዛሬ ነው እያለች አይደል እንዴ?" አለ ከዘመዶቹ አንዱ። አንዱ ሳቀ። ሌላው "እኛን ስታስለቅሺ ምን ትይ ነበር በሆድሽ?" አለ፣ በቀልድ። ግርማይ ብቻ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ግድግዳው ዞረ። እሷም የገባችበትን ጉድጓድ ያየችው ያኔ ነው። እውነቱ ከውሸቱ ይበልጥ ውሸት ይመስላል።

በማግስቱ የሰፈሩ ባለሱቅ ሀምዲያ ከሱቋ ደጅ "እትዬ! ታዋቂ ሆኑ እኮ! ሳቅዎን ልጆቹ ሁሉ እያስመሰሉ ነው" አለቻት፣ ከልቧ ደስ ብሏት። በሁለተኛው ሳምንት ወሎ ሰፈር የሚያውቃት ሰው ሞተ፤ ሳይጠሯት ቀበሩት። በአራተኛው ሳምንት እዚሁ ኡራኤል አንዲት አሮጊት ሞቱ፤ አሁንም ማንም በሯን አላንኳኳም።

ኡራኤል አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሃብተአብ ቢሮ። ደረጃውን እየረገመች ወጣች። እሱ ተነስቶ ተቀበላት፤ ፊቱ ላይ እፍረት የለም፤ ደስታ ነው ያለው።

"እትዬ! እኔ ልመጣ ስል! ፕሮግራሙን ያዳኑት እርስዎ ነዎት። ስልኩ ሁሉ 'ያቺ ሳቂታ እናት ማን ናት' ነው። ወልዱን ሦስት ቦታ ጠሩት።"

"ፊቴን ተው አላልኩህም?"

"ብለዋል። ኤዲት ላይ ስደርስ ግን የወልዱ ምርጥ ቀልድ እሱ ሆኖ ተገኘ፤ የሚስቅበት ሰው ደግሞ የለም። አንድ እውነተኛ ሳቅ በቀረጻው ሁሉ ፈለግሁ፤ የእርስዎ ብቻ ነው።"

"እኔ የሳቅሁት በዶሮው ነው!"

"አውቃለሁ። እሱን ግን እንዴት ላሳይ? በፋሲካ ዕለት 'ሥጋ ጎርሶ ጾም ትዝ አለው' ልበል?"

"እንግዲያው እንደዚያ ብለህ በቴሌቪዥንህ ተናገር። 'የሷ ሳቅ በሌላ ነው፣ እኔ ነኝ የቀጠልኩት' በል።"

"እትዬ፣ አንዴ ከሄደ ሄደ። ደግሞስ…" አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ "እርስዎስ ያልተሰማውን ሰው አያስለቅሱም? አጎቴ ለአባቴ ግድ ነበረው? እኔም ባልተሳቀበት አሳቅሁ። ልዩነቱ ምንድን ነው?"

ሸዋአየሁ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች።

"እኔ ሬሳ አልቀይርም" አለችው። "የአንዱን እንባ ወስጄ ሌላው ሣጥን ላይ አፍስሼ አላውቅም። አጎትህ ያለቀሰው ለአባትህ ነው፤ ግድ ያልነበረውም ለአባትህ ነው። አንተ ምለህልኝ ነበር።"

ሃብተአብ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት መደርደር ጀመረ።

"'አባቴ ይሙት' አልከኝ። አባትህን አፈር ያለበስኩልህ እኔው ራሴ! በሞተ ሰው ማልክልኝ፤ ምን ይመጣብኛል ብለህ ትፈራለህ? እኔ ደንቆሮዋ ደግሞ ዳይሬክተር ነሽ ስትለኝ ጆሮዬ ተደፈነ።"

"ለእንቁጣጣሽ ፊት ለፊት ወንበር እሰጥዎታለሁ" አላት።

"ተቀመጥበት" ብላው ወጣች።

ግርማይ ሰኔ ላይ ሞተ። ግድግዳ ለግድግዳ ነውና የሚጠራት አላስፈለገም፤ ጩኸቱን ከማንም በፊት ሰማች። ድንኳኑ በራፋቸው ላይ ተተከለ። ሬሳው ከመውጣቱ በፊት፣ ሰዉ ሲሞላ፣ ሸዋአየሁ ጥቁሯን ለብሳ፣ መቀነቷን አስራ ገባች። አንድ ወር ሙሉ ለግርማይ ስትገጥም ነው የከረመችው። ይሄን ድንኳን ካስለቀሰች ሁሉም እንደ ነበረው እንደሚሆን፣ ካላስለቀሰች ግን ዳግመኛ ድንኳን ውስጥ እንደማትቆም ታውቃለች። እንደዚያ ቀን ተጠንቅቃ አታውቅም። ዝም ብላ ቆመች። ሰዉን አየች። ጀመረች፦

"የቆመ መኪና ስታስነሳ ኖረህ፣
ዛሬ አንተን ሚያነሳ ምነው ሰው ቸገረህ።"

ጥሩ ግጥም ነበር። ጋራዥ ውስጥ አብረውት የሠሩት ሁለት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። አንዱ ዓይኑን ጠረገ። ሁለተኛውን ስንኝ ልትጥል አፏን ከፈተች፤ የወርቅ ጥርሷ ታየ።

"ያቺ ናት… የቴሌቪዥኗ" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

"ዝም በሉ!"

አንዲት ልጅ ሳቅ በአፍንጫዋ አመለጣት። አጠገቧ ያለችው ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወተፈች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከሩቅ ለሚያይ ልቅሶ ይመስላል። ወንበር ለወንበር፣ ሰው ለሰው እየተላለፈ መጣ። ሸዋአየሁ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ አየችው፤ ቀጥሎ ማን እንደሚፈነዳ እንኳ አወቀች። ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ባሰባቸው። ደረቷን መታች፤ አንዱ ጎረምሳ ድንኳኑን ገልጦ ሮጦ ወጣ።

ብርኽቲ ከሬሳው እግር ሥር ቀና አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

"ሸዋዬ፣ እባክሽ ተይው። ለግርማይ ስትይ።"

ሸዋአየሁ ተወችው። መቀነቷን ሳትፈታ ከሴቶቹ ጫፍ ተቀመጠች። ብርኽቲ ራሷ ተነሳች፤ ግጥም የለ፣ ዜማ የለ፣ በትግርኛዋ "ዋይ ኣነ! ግርማየይ! ግርማየይ!" ብቻ። ድንኳኑ አለቀሰ፤ ቅድም የሳቁትም ከሌላው አብልጠው አለቀሱ። ከፍ ብላ ነው የጀመረችው፣ አለች ሸዋአየሁ በሆዷ፤ እንዲህ ከተጀመረ ቤተ ክርስቲያን አያደርስም። አጠገቧ ላለችው ሴት ልትነግራት ዞረች፤ ሴትዮዋ ፊቷን መለሰች።

አላደረሰም። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሲደርሱ የብርኽቲ ድምፅ ተዘጋ። ሣጥኑ ሲወርድ ካህናቱ ጨርሰው ዞር ብለዋል፤ አንድ ቃል የሚጥል ሰው አልነበረም። አካፋው ድንጋይ ሲመታ ብቻ ይሰማል። ሸዋአየሁ ከሕዝቡ ኋላ ቆማ ለግርማይ የያዘቻቸውን ስንኞች አንድ በአንድ በአፏ ውስጥ አለቻቸው፤ አንድም አልጎደለ። "ደረቅ ነበር" ይሉታል ነገ፣ ብላ አሰበች፤ ደስ ሊላት ሞክራ እምቢ አላት።

ከቀብር ሲመለሱ እጃቸውን ታጥበው ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጡ። ንፍሮ በየሳህኑ ዞረ። አንድ ፍሬ አፏ ውስጥ ጣል አደረገች፣ አላመጠች፣ ጥርሷ ላይ ቆመ።

"ይሄ ባቄላ አልበሰለም" አለች፣ ከምሯ።

አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሳቁ።